ስለ ጥሎ ማለፍ ዋንጫ ጨዋታ

(ለመምህራንና ለአገር ሽማግሎች። ከዚህ በታች «ዓ. ም.» ያልተጻፈበት ዓመት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

፩ኛ፤ የቃሉ ትርጓሜ

በእግር ኳስ ጨዋታ ዋንጫ የሚገኝበት ሥርዓት ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የዙር ጨዋታ ነው፤ በዚህ ቡድኖች ሁሉ እርስ በርሳቸው ተገናኝተው፥ በመጨረሻ ብዙ ነጥብ የሰበሰበው ዋንጫውን ይወስዳል። ሁለተኛው ጥሎ ማለፍ ይባላል፤ ይኸውም የተሸነፈው ከውድድሩ እየወጣ፥ ያሸነፈው ወደሚቀጥለው ተራ የሚያልፍበት ነው። በዙር ጨዋታ ዛሬ የወደቀ ነገ ሊነሣ ይችላል። በጥሎ ማለፍ የወደቀ ግን እስከሚመጣው ዓመት ድረስ ይጠብቃል። ስለዚህ ይህ ጨዋታ ከእግር ብርታት ጋራ የልብን ጽናት ይፈትናል።

፪ኛ፤ አመጣጡ

ይህ ሥርዓት የተገኘው ከተማሪ ቤት ነው። ቻርልስ አልኮክ የተባለው እንግሊዛዊ በሃሮው ተማሪ ቤት ሲማር፥ ተማሪዎቹ በየማደሪያ ቤታቸው ተከፍለው የተሸነፈው እየወጣ ይጫወቱ ነበር። አልኮክም አድጎ የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበር ጸሐፊ በሆነ ጊዜ ይህንኑ ልማድ አስታውሶ፥ በ1871 የማኅበሩ ቡድኖች ሁሉ ለአንድ ዋንጫ እንዲወዳደሩ አሳብ አቀረበ። በመጀመሪያው ውድድር የተመዘገቡት 15 ቡድኖች ብቻ ነበሩ።

በኢትዮጵያ ቅዱስ ጊዮርጊስ የተባለው ቡድን በ1928 ዓ. ም. በአዲስ አበባ ተቋቋመ። አገሪቱ ነጻነቷን ካገኘች በኋላ በ1943 የእግር ኳስ ፌዴሬሽን ተመሠረተ። በ1944 ቅዱስ ጊዮርጊስ፥ የአርመኖች አራራት፥ የግሪኮች ኦሎምፒያኮስ፥ የጣሊያኖች ፎርቲቱዶና የእንግሊዝ ጦር መልእክተኞች ቡድን ተወዳድረው እንግሊዞቹ አሸነፉ። በ1945 ደግሞ በጥሎ ማለፍ የሚሰጠው የኢትዮጵያ ዋንጫ ተጀመረ።

፫ኛ፤ በቂርቆስ ስለ ተደረገው ታላቅ ጨዋታ

የአዲስ አበባ ስታዲዮም የሚገኘው በቂርቆስ ክፍለ ከተማ፥ በመስቀል አደባባይ አጠገብ ነው። የካዛንቺስ ሰው በእግሩ የሚደርስበት ስፍራ ነው። ካዛንቺስም ስሙን ያገኘው በወረራው ዘመን ለጣሊያን መንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ ከነበረው ኢንቺስ ከተባለው ድርጅት ነው፤ «ካዜ ኢንቺስ» ማለት የኢንቺስ ቤቶች ማለት ነው።

በዚህ ስታዲዮም በ1954 ዓ. ም. የአፍሪካ ዋንጫ በጥሎ ማለፍ ተደረገ። አራት አገሮች ነበሩ፤ ኢትዮጵያ ቱኒዚያን 4 ለ 2፥ ግብፅም ዩጋንዳን 2 ለ 1 ጥለው አለፉ። የፍጻሜው ጨዋታ ጥር 13 ቀን ነበር። ግብፆች አስቀድመው አገቡ፤ ኢትዮጵያ አቻ አደረገች። ግብፆች ወዲያው ዳግመኛ አገቡ፤ ኢትዮጵያም ጊዜው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ዳግመኛ አቻ አደረገች። በተጨመረው 30 ደቂቃ ውስጥ ኢጣሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ አንዳንድ ግብ አግብተው ጨዋታው 4 ለ 2 ተፈጸመ። ዋንጫውን ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ለቡድኑ አለቃ ለሉቻኖ ቫሳሎ ሰጡ። መምህሩ ለልጆች ሊያስገነዝብ የሚገባው፥ ይህ ቡድን በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ ተመርቶ ሁለት ጊዜ መነሣቱን ነው።

ከገጠር ከተማ የመጣም ታላቁን ሊጥል ይችላል። የወላይታ ሶዶው ወላይታ ድቻ በ2009 ዓ. ም. የኢትዮጵያን ዋንጫ ስላገኘ ወደ አፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫ ገባ። በ2010 ዓ. ም. የአፍሪካን የሻምፒዮኖች ዋንጫ አምስት ጊዜ ከወሰደው ከካይሮው ዛማሌክ ጋራ ተገናኝቶ፥ የሁለቱ ጨዋታ ድምር 3 ለ 3 ሆነ። ከዚያም በፍጹም ቅጣት ምት ጥሎት አለፈ።

፬ኛ፤ ስለ ቍጥሩ

በእያንዳንዱ ጨዋታ አንድ ቡድን ይወጣል፤ በመጨረሻ የሚቀረው አንድ ብቻ ነው። ስለዚህ የጨዋታው ብዛት ከቡድኖቹ ብዛት በአንድ ያንሳል። 16 ቡድኖች ቢሆኑ 8 ሲደመር 4፥ ሲደመር 2፥ ሲደመር 1፥ 15 ጨዋታ ይሆናል። እነዚሁ ቡድኖች ሁሉ አንዳንድ ጊዜ ቢገናኙ ግን 120 ጨዋታ ያስፈልጋል። ጊዜና ገንዘብ ላነሰው ተማሪ ቤት ጥሎ ማለፍ የሚመቸው ስለዚህ ነው።

ቡድኖቹ 13 ቢሆኑ፥ እስከ 16 የጎደሉት 3 ናቸውና ሦስት ቡድኖች በዕጣ ሳይጫወቱ ያልፋሉ። የቀሩት 10 ቡድኖች 5 ጨዋታ ያደርጋሉ፤ 5 አሸናፊዎችና 3ቱ ያለፉት 8 ይሆናሉ። ዕጣው በሁሉ ፊት ይጣል፤ በስውር የወጣ ዕጣ ጠብ ያመጣልና።

፭ኛ፤ ለመምህራንና ለሽማግሎች ምክር

የጥሎ ማለፍ ጉዳቱ ይህ ነው፤ በመጀመሪያው ቀን ግማሹ ልጅ አዝኖ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ከሩቅ መንደር በእግሩ ሲጓዝ አድሮ አንድ ጊዜ ብቻ ተጫውቶ የሚመለስ ልጅ፥ ተሸናፊነቱን እንደ ውርደት ቢቈጥረው አያስደንቅም። ስለዚህ በመጀመሪያው ተራ ለወጡት ቡድኖች ሌላ ትንሽ ዋንጫ ማዘጋጀት ይገባል። ከተሸነፉትም ልጆች የመስመር ዳኞችና ጊዜ ጠባቂዎች ይመረጡ፤ ሥራ የተሰጠው ልጅ ሜዳውን በቂም አይለቅምና።

ሽማግሎችም በገና ጨዋታ ጌታና አሽከር በአንድ ሜዳ ሲጋፉ፥ ጌታው ቢመታ እንደማይቈጣ ያውቃሉ። ይህንኑ የአባቶች ልማድ ለእግር ኳስም ያስተምሩ። ዳኛው ከሚጫወቱት ልጆች የአንዱ አባት ወይም ዘመድ አይሁን፤ ፍርዱም በሜዳ ላይ አይከራከሩት። ዋንጫው ለአንድ ቡድን ይሰጣል፤ ሳይጣሉ መሸነፍን የተማሩት ግን ብዙ ናቸው፤ ለመንደሩ የሚተርፈው ይህ ነው።

የመልመጃ ጥያቄ

1. 11 ተማሪ ቤቶች በጥሎ ማለፍ ቢወዳደሩ ጨዋታው ስንት ይሆናል? በመጀመሪያው ተራ ሳይጫወቱ የሚያልፉትስ ስንት ናቸው?
2. በ1954 ዓ. ም. በተደረገው ፍጻሜ የኢትዮጵያ ቡድን ስንት ጊዜ ተመራ?
3. ዕጣ በሁሉ ፊት የሚጣለው ስለ ምንድን ነው?