ጅቡን መሣል ክልክል ነው

ሰቆጣ ውስጥ ማታ ምድጃ ዳር የጅብ ታሪክ የሚያወራ ሰው ጅቡን ቶሎ አያመጣውም። መጀመሪያ ኮቴ ይሰማል፤ ቀጥሎ ሲጮኽ የነበረው ውሻ ጸጥ ይላል። ተራኪውም እዚህ ላይ ዝም ብሎ እሳቱን ይቆሰቁሳል። አስፈሪ ፊልም የሚሸጡ ሰዎች ሥራም ይኸው ነው። ፖስተሩ ፍርሃቱን ይጀምረዋል እንጂ አይጨርሰውም፤ የቀረውን የፈለገ ቲኬት ይቆርጣል።

ምልክቶቹ

ጥቁር መደብ፣ ደም የመሰለ ቀይ፣ የተቧጨረ ፊደል፣ ገርበብ ያለ በር፣ ፊቱን ያዞረ ልጅ። እነዚህን ያየ ሰው ርእሱን ሳያነብ ዘውጉን ይለያል። በቪዲዮ ማስታወቂያ ደግሞ ሙዚቃው ድንገት ይቋረጣል፣ ትንሽ ዝምታ ይሆናል፣ ከዚያ የሚያስደነግጥ ድምፅ ይመጣል።

የተደበቀው ከማን ነው?

እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣው የ«ጆውስ» ፖስተር ሻርኩን አፉን ከፍቶ ያሳያል። ታዲያ አስፈሪውን የመደበቅ ደንቡ ፈረሰ? አልፈረሰም። ከላይ የምትዋኘው ሴት ሻርኩን አላየችውም። እኛ እያወቅን እርሷ አለማወቋ ነው የሚያስጨንቀን።

እ.ኤ.አ. በ1999 የታየው «ዘ ብሌየር ዊች ፕሮጀክት» ከዚህም አልፎ ሄደ። አዘጋጆቹ ተዋንያኑን እንደ ጠፉ ሰዎች ቆጥረው የ«አፋልጉኝ» ወረቀት በተኑ፤ ድረ ገጽም ከፈቱ። በጥቂት አሥር ሺዎች ዶላር የተቀረጸው ፊልም ወደ 250 ሚሊዮን ዶላር አስገባ። ብልሃቱን አደንቃለሁ፤ ግን የእውነተኛ አፋልጉኝ ወረቀት በየምሰሶው ለሚያነብ ሰው ጨዋታው ይጎረብጣል።

በአማርኛ ፖስተር

የእኛ ፖስተሮች በአብዛኛው ፍቅርና ሳቅ ናቸው፤ የተዋንያኑ ፊት ጎልቶ ይሠራል፣ ዘውጉም ብዙ ጊዜ በቃል ይጻፋል። ለፍርሃት የሚቀርበው ስያሜ «ልብ አንጠልጣይ» ነው፤ እንደ ስሙም ከማስፈራት ይልቅ ማንጠልጠል ይቀናዋል። (አዲስ አበባ ውስጥ ሲኒማ ሲጀመር ሕዝቡ ቤቱን «ሰይጣን ቤት» ብሎት ነበር። ያኔ ለማስፈራት ፖስተር እንኳ አላስፈለገም!)

ቄሱ ያስፈራል?

ምልክት የሚሠራው ተመልካቹ በለመደው መንገድ ሲያነበው ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 የወጣው የ«ዘ ኤክሶርሲስት» ፖስተር ባርኔጣ ያደረገ ቄስ በሌሊት፣ ቦርሳውን ይዞ፣ ብርሃን በፈሰሰበት ቤት ፊት ቆሞ ያሳያል። ጠበል ቦታ ርኩስ መንፈስ ሲጮኽ ሰምቶ ላደገ ሰው ግን ቄስ መጣ ማለት እፎይታ ነው።

ሬሳ ሣጥንም እንዲሁ። ከሰቆጣ አጠገብ ባለው ውቅሮ መስቀለ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በሣጥን ያረፉ የደረቁ አስከሬኖች አሉ፤ የአካባቢው ገዥዎች የነበሩት የዋግ ሹሞች ናቸው ይባላል። የሩቅ ፖስተር ሠሪ ቢያገኛቸው ቀይ ፊደል ደርቦ ይሸጣቸው ነበር። ለዋግ ሰው ግን አያቶች ናቸው፤ በአጠገባቸው የሚያልፍ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል።

የቤት ሥራ

የሰቆጣን ሌሊት በአንድ ፖስተር አሳዩ። ሦስት ቀለም ብቻ ተጠቀሙ። ጅቡን መሣል ክልክል ነው።