የዱባይ ቤት ኪራይ፦ በአንድ ቼክ ወይስ በአራት?

ዱባይ የሚመላለስ ነጋዴ መጀመሪያ ላይ የቤት ኪራይ አያሳስበውም። ደይራ ውስጥ ከናይፍ ወይም ከባኒያስ አደባባይ አካባቢ ሆቴል ይይዛል፤ ዕቃውን ገዝቶ፣ ለጫኝ አስረክቦ ይመለሳል። ንግዱ እየሰፋ ሲሄድ ግን እዚያው የንግድ ፈቃድ ያወጣል፤ መኖሪያ ፈቃድ ያገኛል፤ ቤተሰቡንም ሊወስድ ያስባል። ያን ጊዜ ቤት መከራየት የግድ ይሆናል። ብዙዎች የሚሳሳቱትም እዚህ ላይ፣ የአዲስ አበባውን ልማድ ይዘው ሲሄዱ ነው።

በአዲስ አበባ ኪራይ የወር ሂሳብ ነው። ቅድሚያ ክፍያ ቢኖርም በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ደንግጓል። በዱባይ ግን ኪራይ የዓመት ሂሳብ ነው። ደላላው “ስድሳ ሺህ” ካለ የዓመቱን ማለቱ ነው። ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ “በስንት ቼክ?” የሚል ይሆናል። ተከራዩ ውሉን ሲፈርም የዓመቱን ክፍያ በሙሉ ወደፊት ቀን በተጻፈባቸው ቼኮች ያስረክባል። በአንድ፣ በሁለት፣ በአራት፣ አንዳንዴም በአሥራ ሁለት ቼክ ሊሆን ይችላል። የቼኩ ቁጥር ባነሰ መጠን ኪራዩ ይቀንሳል፤ በበዛ መጠን ይጨምራል። አብዛኛው ሰው ይህን ልዩነት እንደ ተራ ቅናሽ ይመለከተዋል። ለነጋዴ ግን ልዩነቱ ወለድ ነው፤ አራት ቼክ የጻፈ ሰው ከአከራዩ ተበድሯል ማለት ነው።

ሂሳቡ እንዲህ ነው

ለምሳሌ ያህል አንድ ቤት በአንድ ቼክ 60,000 ድርሃም፣ በአራት ቼክ ደግሞ 63,000 ድርሃም ቀረበ እንበል። በአራት ቼክ የሚከፍለው ተከራይ በመጀመሪያው ዕለት 15,750 ብቻ ይሰጣል። በአንድ ጊዜ ቢከፍል ኖሮ ከሚያወጣው ጋር ሲተያይ 44,250 ድርሃም በእጁ ቀርቷል። ይህንኑ በሦስተኛው፣ በስድስተኛውና በዘጠነኛው ወር እየከፋፈለ 47,250 አድርጎ ይመልሳል። ጭማሪው 3,000 ድርሃም በመሆኑ ከ60,000ው አንጻር 5 ከመቶ ብቻ ይመስላል። ነገር ግን ገንዘቡ በእጁ የቆየው በአማካይ ለስድስት ወር ሲሆን፣ መጠኑም 60,000 ሳይሆን 44,250 ነው። በዓመት ሲሰላ ወለዱ ወደ 13 ተኩል ከመቶ ይጠጋል።

ይህ ውድ ነው ወይስ ርካሽ? መልሱ እንደ ነጋዴው ይለያያል። በዓመት ሦስትና አራት ጊዜ ዕቃ አገላብጦ በእያንዳንዱ ዙር ጥሩ ትርፍ የሚያገኝ ሰው 44,000 ድርሃሙን ዕቃ ገዝቶበት ከወለዱ በላይ ያተርፍበታል። ገንዘቡ ባንክ ተቀምጦ የሚቆይበት ወይም ገበያው የቀዘቀዘበት ሰው ግን በአንድ ቼክ ከፍሎ 3,000ውን ማትረፍ ይሻለዋል። አከራዩ “በስንት ቼክ?” ሲል ወዲያው መልስ ከመስጠት ይልቅ የሁለቱንም ዋጋ ጠይቆ፣ ማታ ሆቴል ገብቶ ማስላት ያዋጣል።

ብር የሚሸጥ፣ ድርሃም የሚከፍል

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ግን የምንዛሪው ጉዳይ ነው። ድርሃም እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ በአንድ ዶላር 3.6725 ተቆርጦ የቆየ በመሆኑ አራት ቼክ የጻፈ ሰው በተግባር የዶላር ዕዳ ገብቷል። ገቢው በድርሃም ለሆነ ነጋዴ ይህ ምንም አይደለም። ዕቃውን መርካቶ በብር እየሸጠ ኪራይ የሚከፍል ሰው ግን 13 ተኩል ከመቶው ሂሳብ አይበቃውም።

በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. በአራት ቼክ የተዋዋለ ሰው እንውሰድ። የ15,750 ድርሃም ቼክ ወደ 4,289 ዶላር ነው። በጊዜው በነበረው የባንክ ዋጋ፣ በ57 ብር ሲመታ፣ ወደ 244,000 ብር ይሆናል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥም አንድ ዶላር ከ100 ብር አለፈ። የጥቅምቱን ቼክ በ100 ብር ብቻ ብናስበው እንኳ 429,000 ብር ገደማ ይመጣል። ቼኩ ያው፣ ቤቱም ያው ነው። እርግጥ በጓሮ ገበያ ዶላር ቀደም ብሎም ተወዶ ስለነበር ጉዳቱ ለሁሉም እኩል አልነበረም። ቢሆንም በብር ለሚያተርፍ ሰው ቼክ ባበዛ ቁጥር የምንዛሪ አደጋውም አብሮ እንደሚበዛ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል። አቅም ካለ እንዲህ ያለው ነጋዴ ቼኩን ቢያሳንስ ይሻላል።

ቼኩ ባይመታስ? ቀደም ሲል በኤምሬትስ ስንቅ የሌለው ቼክ መጻፍ እስከ እስራት የሚያደርስ ወንጀል ነበር። እ.ኤ.አ. ከጥር 2022 ጀምሮ ግን ሂሳብ ስላነሰ ብቻ የተመለሰ ቼክ በአመዛኙ የፍትሐ ብሔር ጉዳይ ሆኗል። ይህን የሰማ ሰው ነገሩ ቀለለ ብሎ እንዳይዘናጋ ያስፈልጋል። ባለቼኩ አዲስ ክስ ሳይመሠርት በቀጥታ ወደ አፈጻጸም መሄድ ይችላል፤ ባንኩም በሂሳቡ ውስጥ ያለችውን ያህል ቀንሶ ይከፍላል። ቼኩን ለማስቀረት ሆን ብሎ ሂሳብ መዝጋት ወይም ያለ በቂ ምክንያት ክፍያ ማሳገድ ደግሞ ዛሬም ወንጀል ነው።

የመጀመሪያው ዕለት ወጪ

ኪራዩ ብቻውን ወጪውን አያሳይም። ለደላላ በተለምዶ የዓመቱ ኪራይ 5 ከመቶ ይከፈላል። ለመያዣ ባዶ ለሆነ ቤት 5 ከመቶ፣ ዕቃ ላለው 10 ከመቶ ይያዛል። ዴዋ እየተባለ የሚጠራው የኤሌክትሪክና የውሃ ባለሥልጣን ለአፓርታማ 2,000፣ ለቪላ 4,000 ድርሃም ማስያዣ ይጠይቃል። ስለዚህ በ63,000ው ምሳሌያችን በአራት ቼክ የገባው ሰው በመጀመሪያው ዕለት 24,000 ድርሃም ያህል ያስፈልገዋል፤ በአንድ ቼክ 60,000ውን የሚከፍለው ደግሞ 68,000። ከዚያም የውጭ አገር ዜጋ ከዓመት ኪራዩ 5 ከመቶ የቤት ክፍያ በየወሩ ከመብራትና ከውሃው ጋር ይቆረጥበታል። ለ60,000 ድርሃም ቤት በወር 250 ድርሃም መሆኑ ነው። የማቀዝቀዣውን ነገር ሳይጠይቁ መፈረም አይገባም። በአንዳንዱ ሕንፃ አከራዩ ይችለዋል፤ በሌላው ራሱን የቻለ ሂሳብ ይመጣል፤ የሐምሌና የነሐሴ ሙቀት ደግሞ የሚታወቅ ነው።

ዋጋ ለመቀነስ ሻርጃ የሚገባም ብዙ ነው። ኪራዩ ይቀንሳል፤ ጠዋትና ማታ መንገዱ ላይ የሚያልቀው ሰዓት ግን በየትኛውም ደረሰኝ ላይ አይታይም።

ስሙ በማን ነው?

ውሉ ኢጃሪ በሚባለው የመንግሥት መዝገብ መግባት አለበት። ቃሉ በዓረብኛ “ኪራዬ” እንደ ማለት ነው። ቤተሰብ ለማስመጣት፣ መብራት ለማስቀጠል፣ ለንግድ ፈቃድም የቢሮ ውል ለማቅረብ የሚጠየቀው ይኸው ነው። አገር ልጅ በተከራየው ቤት አንድ ክፍል ወይም አንድ አልጋ ይዞ በጥሬ ገንዘብ የሚከፍል ሰው በመዝገቡ ላይ የለም። ዋናው ተከራይ ያለ አከራዩ የጽሑፍ ፈቃድ አከራይቶ ከተገኘ የውሉ ዘመን ሳያልቅ ሁለቱንም ማስወጣት ሕጉ ይፈቅዳል። ማዘጋጃ ቤቱም ያለ ፈቃድ በተከፋፈሉ ክፍሎች ላይ እ.ኤ.አ. በ2025 በሪጋ፣ በሙረቀባት፣ በሳትዋና በሌሎች ሰፈሮች ዘመቻ አካሂዷል። በዚህ መንገድ ርካሽ የተገኘ አልጋ በአንድ ሌሊት ሻንጣ ይዞ መውጣትን ሊያስከትል ይችላል።

አከራዩ ሲጨምር

ውሉ ሊያልቅ ሲል አከራዩ “ጎረቤትህ 80,000 ይከፍላል፤ አንተም ክፈል ወይም ውጣ” ቢል መደናገጥ አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው ድንጋጌ ቁጥር 43 ጭማሪውን በእርከን ወስኖታል። ኪራዩ ከገበያው እስከ 10 ከመቶ ቢያንስ ጭማሪ የለም፤ ከ11 እስከ 20 ከመቶ ቢያንስ ጭማሪው ከ5 ከመቶ አይበልጥም፤ ከ21 እስከ 30 ቢሆን 10፣ ከ31 እስከ 40 ቢሆን 15፣ ከዚያ በላይ ቢሆን 20 ከመቶ ነው። ገበያው የሚለካው በጎረቤት ወሬ ሳይሆን በመንግሥት የኪራይ ማውጫ ነው። ማውጫው 80,000 ቢል እንኳ 60,000 የሚከፍለው ተከራይ 25 ከመቶ ዝቅ ያለ በመሆኑ አከራዩ ከ66,000 በላይ ሊጠይቀው አይችልም። ለዚያውም ውሉ ከማለቁ 90 ቀን በፊት ማስታወቅ አለበት።

ለማስወጣትም እንዲሁ ነው። ለራሱ መኖሪያ፣ ለመሸጥ፣ ለማፍረስ ወይም ተከራይ እያለ ሊሠራ ለማይችል ትልቅ ጥገና ከፈለገው፣ በውል አዋዋይ ወይም በሪኮማንዴ ደብዳቤ የ12 ወር ማስጠንቀቂያ መስጠት ይኖርበታል። በዋትስአፕ የተላከ መልእክት ለዚህ አይበቃም። ለራሴ ነው ብሎ ያስወጣ አከራይ የመኖሪያ ቤቱን ለሁለት ዓመት ለሌላ ማከራየት አይችልም። ክርክር ቢነሳ የኪራይ ክርክር ማዕከል አለ፤ የማስከፈቻው ክፍያ የዓመት ኪራዩ 3.5 ከመቶ ሆኖ ከ500 አያንስም፣ ከ20,000 ድርሃም አይበልጥም።

ተከራዩ በዓመቱ መካከል ልውጣ ቢል ግን ሕጉ አያግዘውም፤ የሚያየው ውሉን ነው። በብዙ ውሎች የሁለት ወር ኪራይ ቅጣት ተጽፎ ይገኛል። ለ60,000 ድርሃም ቤት 10,000 ድርሃም ነው። ይህ ወደ አንድ ወር እንዲወርድ መከራከር የሚቻለው ሳይፈረም ነው። የወጣም ሰው ቀናቸው ያልደረሱትን ቼኮች ቁጥራቸውን አመሳክሮ በእጁ ሳይቀበል ቁልፉን ባያስረክብ ይመረጣል።