ኮምፒውተሩ ቦርዱን አላውቀውም ሲል

በኮልፌ ቀራኒዮ ክፍለ ከተማ፣ አየር ጤና አካባቢ፣ ለመመረቂያ ፕሮጀክቷ የእንቁላል መፈልፈያ ሣጥን የምትሠራ አንዲት ተማሪ አለች እንበል። ሣጥኑ 37.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ሙቀት ለ21 ቀናት ጠብቆ መቆየት አለበት፤ ሙቀቱን የሚቆጣጠረውም በአርዱዪኖ ኡኖ ቦርድ ላይ ያለ ማይክሮኮንትሮለር ነው። እንቁላሎቹ ገብተው ቀናት ከተቆጠሩ በኋላ ፕሮግራሙ ጥቂት ማስተካከያ ያስፈልገዋል። ተማሪዋ ቦርዱን ከላፕቶፗ ጋር ስታገናኝ ግን «የዩኤስቢ መሣሪያው አልታወቀም» የሚል መልእክት ይመጣል። ብዙዎች በዚህ ጊዜ ቺፑ ተቃጥሏል ብለው ሌላ ለመግዛት ወደ መርካቶ ይወርዳሉ። እንቁላል አጭር ቅዝቃዜን ቢቋቋምም ረዥሙ ሊገድለው ስለሚችል፣ ከመንገዱ በፊት ጥቂት ምርመራ ማድረግ ይበጃል እንላለን።

በእንዲህ ያለው የዩኤስቢ ገመድ ውስጥ አራት ሽቦዎች አሉ። ሁለቱ 5 ቮልቱንና መሬቱን ይሸከማሉ፤ ዲ ፕላስና ዲ ማይነስ የሚባሉት ሁለቱ ደግሞ መረጃ ያመላልሳሉ። ቦርዱ ሲሰካ በላዩ ያለ 1.5 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ዲ ፕላስን ወደ 3.3 ቮልት ያነሣዋል፤ ኮምፒውተሩ እንግዳ መምጣቱን የሚያውቀው በዚህ ነው። ቀጥሎ ማንነቱን ይጠይቀዋል፣ አድራሻም ይሰጠዋል። ቦርዱ የአምራቹንና የምርቱን ቁጥር ሲመልስ ኮምፒውተሩ ለቁጥሮቹ የሚስማማ ድራይቨር ይፈልጋል።

ስለዚህ ጉድለቱ የቱ ደረጃ ላይ እንደሆነ ከምልክቱ መገመት ይቻላል። ቦርዱ ሲሰካ ኮምፒውተሩ ምንም ካላለ ዲ ፕላስ ከፍ ማለቱን አላየም ማለት ነው። ዊንዶውስ ስሕተት ቁጥር 43 ካሳየ ደግሞ እንግዳው መምጣቱ ታውቋል፣ መልሱ ግን በትክክል አልደረሰም። ስሙ ታይቶ ከጎኑ ቢጫ ምልክት ካለ ድራይቨሩን እንጠረጥራለን።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠረጠረው ገመዱ ነው። ለስልክ ባትሪ መሙያ ብቻ የተሠሩ ርካሽ ገመዶች የመረጃ ሽቦ የላቸውም፤ የቦርዱን መብራት ያበራሉ፣ ኮምፒውተሩ ግን ምንም አያይም። መብራቱን አይቶ ገመዱ ደህና ነው ማለት እንግዲህ ትልቅ መታለል ነው። በመልቲሜትር አራቱንም ሽቦዎች ከጫፍ እስከ ጫፍ መፈተሽ ይቻላል። ገመዱ አራቱም ቢኖሩት እንኳ ቀጭን ከሆነ ሌላ ችግር ያመጣል። በብዙ ገመዶች ውስጥ የሚገኘው ቀጭን የመዳብ ሽቦ በሜትር 0.21 ኦም ያህል መቋቋም አለው። ገመዱ 2 ሜትር ቢሆን ጅረቱ ሄዶ ሲመለስ 4 ሜትር ይጓዛል፤ መቋቋሙም 0.84 ኦም ይሆናል። ቦርዱና ሪሌዩ በአንድነት 500 ሚሊአምፔር ቢስቡ 0.42 ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል፤ ከ5 ቮልቱ ለቦርዱ የሚደርሰው 4.58 ብቻ ነው። አጭር ገመድ መጠቀምና ቦርዱን በማከፋፈያ ሳይሆን በቀጥታ በኮምፒውተሩ መሰኪያ ላይ መሰካት ይህን ያቃልለዋል።

ገመዱ ከተፈተሸ በኋላ ወደ ድራይቨሩ እንሻገር። በዲቫይስ ማናጀር ውስጥ የአምራቹ ቁጥር 2341 ከሆነ ቦርዱ ራሱን አርዱዪኖ ብሎ አስተዋውቋል፤ 1ኤ86 ከሆነ ደግሞ በርካሽ ቅጂዎች ላይ የሚገኘው ሲኤች340 ቺፕ ነውና የራሱን ድራይቨር ይፈልጋል። ቅጂ መሆኑ በራሱ ነውር የለውም፤ የሌላ አምራች ስም የለጠፈ ቺፕ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2014 ኤፍቲዲአይ የተባለው ኩባንያ ያሠራጨው ድራይቨር በስሙ ተመሳስለው የተሠሩ ቺፖችን የምርት ቁጥር ወደ ዜሮ በመለወጡ፣ ምንም የማያውቁ ተጠቃሚዎች ቦርዶች በድንገት የማይታወቁ ሆነው ነበር። በኡቡንቱ 22.04 ደግሞ ቢአርኤልቲቲዋይ የተባለው፣ ዓይነ ስውራን በብሬል ማሳያ እንዲያነቡ የሚረዳ አገልግሎት፣ ሲኤች340ን የብሬል ማሳያ መስሎት ይይዘዋል። አገልግሎቱን የማይጠቀም ሰው ቢያስወግደው ፖርቱ ይመለሳል።

ፖርቱ ታይቶ ፕሮግራሙ አልጫን ካለ ግን ዩኤስቢውን መውቀስ አይገባም። «ከፕሮግራሚንግ መሣሪያው ጋር መናበብ አልተቻለም» የሚለው መልእክት ብዙ ጊዜ የሚመጣው የቦርዱ ዓይነት በስሕተት ሲመረጥ ወይም በ0 እና በ1 ቁጥር እግሮች ላይ ሌላ ነገር ሲሰካ ነው። የአርዱዪኖ ናኖ አሮጌ ቡትሎደር በሰከንድ 57600 ቢት ሲናገር የኡኖ በ115200 ይናገራል፤ በተለያየ ፍጥነት የሚናገሩ ሁለት ወገኖች ደግሞ አይግባቡም። የመገናኛውን ቺፕ ለብቻው ለመፈተን የኡኖን የሪሴት እግር ከመሬት ጋር፣ 0ን ደግሞ ከ1 ጋር በሽቦ እናገናኝ። በሲሪያል መስኮት የምንጽፈው ፊደል ተመልሶ ከመጣ ገመዱ፣ ድራይቨሩና የመገናኛ ቺፑ ደህና ናቸው፤ ምርመራው ወደ ዋናው ማይክሮኮንትሮለር ይዞራል።

የተማሪዋ ሣጥን ከዚህ ሁሉ የተለየ ጣጣም አለው። ሪሌዩ ሲጠፋ በጥቅልሉ ውስጥ የነበረው ጉልበት ከፍ ያለ ቮልቴጅ ይፈጥርና ግንኙነቱን ሊበጥስ ይችላል፤ ፖርቱ ሪሌዩ ጠቅ ባለ ቁጥር የሚጠፋ ከሆነ ምክንያቱ ይኸው ነው። በጥቅልሉ ትይዩ አንድ ዳዮድ፣ ባለመስመሩን ጫፍ ወደ ፖዘቲቩ አዙሮ ማሰር ያስፈልጋል። የመሬት ሽቦ በሌለው ቤት ደግሞ ላፕቶፑን ከኃይል መሙያው ነቅሎ በባትሪ ማሠራት ሌላውን የረብሻ መንገድ ይዘጋል። ፕሮግራም በሚጫንበት ጊዜ የሣጥኑ 220 ቮልት ከግድግዳው ይነቀል፤ ጭነቱ ሲያልቅም መጀመሪያ የዩኤስቢው ገመድ ይወጣል፣ ከዚያ በኋላ ኃይሉ ይመለሳል።