ሳሙና በሰም ፈንታ፦ ባለ ቀዳዳ ኦክሳይዶች እንዴት ይሠራሉ?

የዱቄት ሸቀጥን በኪሎ መዝኖ መግዛትና መሸጥ የቆየ የንግድ ልማድ ነው። ይሁን እንጂ ዋጋቸው ከክብደታቸው ይልቅ በውስጣቸው ባለው ባዶ ስፍራ የሚወሰን ዱቄቶች አሉ። የእነዚህን አሠራር ማወቅ ለነጋዴ ስለሚጠቅም ከዚህ ቀጥሎ በአጭሩ እንገልጻለን።

የሳሙናና የሳሙና መሰል ውሁዶች ሞለኪውል ሁለት ጠባይ አለው፤ ራሱ ውሃን ይወዳል፥ ጅራቱ ግን ከውሃ ይሸሻል። ስለዚህ በውሃ ውስጥ ሲበዙ ጅራታቸውን ወደ ውስጥ፥ ራሳቸውን ወደ ውጭ አድርገው ይሰበሰባሉ፤ እንደ ሁኔታውም ድቡልቡል ወይም ዘንግ የመሰለ ቅርጽ ይይዛሉ። የኦክሳይዱ ጥሬ ዕቃ ሲጨመርበት በዘንጎቹ ዙሪያ ይረጋል። በመጨረሻም ሳሙናው በእሳት ተቃጥሎ ሲወጣ ስፍራው ቀዳዳ ሆኖ ይቀራል።

ይህ ዘዴ «ሰምና ወርቅ» የሚለውን አነጋገር ላስገኘው ለአንጥረኛ ሥራ እንግዳ አይደለም። አንጥረኛው ሰሙን ቀርጾ በሸክላ ይሸፍነዋል፤ ሰሙ ቀልጦ ሲወጣም የቀለጠውን ብረት ያፈስበታል። ልዩነቱ አንጥረኛው ባዶውን ስፍራ ሲሞላው፥ በዚህኛው ሥራ ሸቀጡ ራሱ ባዶው ስፍራ መሆኑ ነው።

በ1992 እ.ኤ.አ. የአሜሪካው የሞቢል ነዳጅ ኩባንያ ተመራማሪዎች ኤም.ሲ.ኤም.-41 የተባለውን ሲሊካ በዚህ መንገድ ሠርተው ይፋ አደረጉ። ቀዳዳዎቹ ከ1.6 እስከ 10 ናኖሜትር የሚሰፉ ሲሆኑ፥ የአንዱ ግራም ገጽ ከ1000 ካሬ ሜትር ሊበልጥ ይችላል፤ ይኸውም ከሁለት የቅርጫት ኳስ ሜዳዎች ይሰፋል። በ1998 እ.ኤ.አ. ደግሞ በሳንታ ባርባራ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ሳሙና መሰል ፖሊመሮችን ተጠቅመው ጥበቡን ለቲታኒየም፥ ለዚርኮኒየምና ለተንግስተን ኦክሳይዶች አዋሉት። ኬሚካላዊ ለውጥን ለማፋጠን የሚያገለግል ዱቄት ሥራውን የሚሠራው በገጹ ላይ ስለ ሆነ፥ የገጹ ስፋት ትልቅ ጥቅም አለው።

አደጋው ያለው ከማቃጠሉ ላይ ነው። ሙቀቱ ሲያንስ የሳሙናው ቅሪት ቀዳዳውን ይደፍናል፤ ሲበዛ ደግሞ ክሪስታሎቹ እየተለቁ ቀጭኑን ግድግዳ ያፈርሱታል። የፈረሰውና ያልፈረሰው ዱቄት ግን በዓይንም ሆነ በሚዛን አይለዩም። የሚለዩት ዱቄቱ በሚይዘው የናይትሮጂን ጋዝ ልክ ነው፤ ስሌቱንም ብሩናወር፥ ኤሜትና ቴለር በ1938 እ.ኤ.አ. አውጥተውታል።

ስለዚህ ገዢ የሆነ ሁሉ ውል ከመፈረሙ በፊት የአንዱ ግራም ገጽ ስንት ካሬ ሜትር እንደ ሆነ፥ ቀዳዳውም ስንት ናኖሜትር እንደሚሰፋ የሚያስረዳ የላቦራቶሪ ምስክር ወረቀት ይጠይቅ። በኪሎ ረክሶ የተገኘ ዱቄት በካሬ ሜትር ሲሰላ እጅግ ውድ ሆኖ ሊገኝ ይችላልና።