ድምፁ አልጠፋም፤ ካርዱን አትንካው

ቆይ፣ እጅህን ከማውሱ አንሣና ትንሽ ጠጋ በልልኝ። አየሁት። እማማ ቄጠማውን ይዘው፣ እጃቸውን ወደ ሙሽሮቹ ዘርግተው ይመርቃሉ፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ግን የለም። እንደደነገጥክ ገብቶኛል። ስማኝ ወንድሜ፦ እንዲህ ያለው ነገር አብዛኛውን ጊዜ ይስተካከላል። የማይስተካከለው ተደናግጠህ የምትሠራው ስሕተት ነው።

መጀመሪያ ካርዱን ከካሜራው አውጣው። በጎኑ ያለችውን ትንሽ መቆለፊያ ወደ ታች ሳባት። ቀጥለህ በካርዱ ላይ ያለውን ሁሉ፣ አንድም ፋይል ሳትቀንስ፣ ሁለት ቦታ ኮፒ አድርገው፤ አንዱን እዚሁ ኮምፒዩተሩ ላይ፣ ሌላውን ሃርድ ዲስክ ላይ። "ቪዲዮዎቹን ብቻ ልውሰድ" እንዳትል። አጠገባቸው ያሉት ትንንሽ ፋይሎች የትኛው ቪዲዮ የየትኛው ቀጣይ እንደሆነ የሚናገሩ ናቸው፤ ኋላ እንፈልጋቸዋለን።

አጥብቄ የምነግርህ ስለደረሰብኝ ነው። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን የአንድ ቤተሰብ መልስ ቀርጬ፣ ፋይሎቹን አገጣጥሜ፣ ምስሉን ቶሎ ቶሎ አሳልፌ አየሁና ካርዱን ለቀጣዩ ሥራ ፎርማት አደረግሁት። የሙሽራዋ አባት የተናገሩት በሙሉ ድምፅ አልባ ሆኖ ያገኘሁት በማግስቱ ነው። ሲቀረጽ በጆሮ ማዳመጫ ሰምቼዋለሁ፤ ዋናው ፋይል ላይ ነበረ። ለቤተሰቡ ደውዬ ይህንን የነገርኩበትን ቀን እስካሁን አልረሳሁትም። አንተ ላይ እንዲደርስ አልፈልግም።

አሁን ኤዲቲንጉን ዝጋና ዋናዎቹን ፋይሎች አንድ በአንድ በቪኤልሲ ክፈታቸው። ቪኤልሲ ብዙውን የድምፅ ዓይነት ራሱ ይፈታል፤ ስለዚህ እዚህ ከተሰማ ችግሩ ማገጣጠሙ ላይ ነው። እዚህም ካልተሰማ ቀረጻው ላይ ነው። ለምሳሌ የውጭ ማይክ ሲሰካ ብዙ ካሜራ የራሱን ማይክ ይዘጋል፤ የተሰካው ማይክ ባትሪው ካለቀ ምስል ብቻ ይቀዳል። እንዲያ ከሆነ ወደ ዲጄውና ስልካቸውን አውጥተው ሲቀዱ ወደነበሩት ዘመዶች መሄድ ነው እንጂ ፕሮግራም መቀያየር አይፈይድም። ይኸው፣ ተመስገን፣ እማማ እዚህ ይሰማሉ።

እንግዲያው ማገጣጠሙ ላይ ምን እንደተፈጠረ እንይ። በሰልፉ መጀመሪያ ያስቀመጥከውን ፋይል ክፈትልኝ፤ ሙሽራዋ በስሎው ሞሽን ስትገባ ያነሣኸውን። ኮንትሮልንና ጄን አንድ ላይ ተጫን። ምን ታያለህ? ቪዲዮ የሚል አንድ መስመር ብቻ። ኦዲዮ የሚል የለም። የእማማን ፋይል ክፈትና ያንኑ አድርግ። እዚህ ሁለት መስመር አለ፤ ቪዲዮ፣ ከሥሩ ደግሞ ኦዲዮ፦ ዶልቢ፣ ስቴሪዮ፣ 48 ሺህ ኸርዝ።

የቪዲዮ ፋይል እንደ ሙዳይ ነው፤ ምስሉና ድምፁ ውስጡ ለየብቻ ተቀምጠዋል። ብዙ ካሜራ ስሎው ሞሽን ሲያነሣ ድምፅ አይቀዳም፤ ሙዳዩ ውስጥ ምስል ብቻ ይኖራል። ቀላሎቹ የማገጣጠሚያ ፕሮግራሞች ደግሞ ምስሉንም ድምፁንም ሳይፈቱ እንዳለ ስለሚቀጣጥሉት፣ መጀመሪያ ያገኙትን ፋይል ለሌሎቹ መለኪያ ያደርጉታል። መጀመሪያ ያስቀመጥከው ድምፅ ስለሌለው ፕሮግራሙ የተከታዮቹንም ድምፅ ተወው። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ለዚያ ክሊፕ ባዶ የድምፅ ትራክ፣ ልክ እንደሌሎቹ ዶልቢ፣ ስቴሪዮና 48 ሺህ አድርገህ ጨምርለት፤ ከዚያ አገጣጥም።

በሌላ ቀን ሌላ ምክንያት ይገጥምሃል፤ አሠራሩን ግን ያዝ። ከሁለት ካሜራ የመጡ ፋይሎች ሲሆኑ አንዱ በዶልቢ፣ ሌላው በፒሲኤም ሊቀዳ ይችላል፤ የመጀመሪያው ይሰማና ሁለተኛው ዝም ይላል፣ ወይም ይንጫጫል። የድሮ ሚኒዲቪ ካሴት ላይም አንዱ ቀረጻ በ32 ሺህ፣ ሌላው በ48 ሺህ ኸርዝ የተቀዳ ሊሆን ይችላል። ሁሉንም ወደ አንድ ዓይነት ሳትቀይር አታገጣጥም። ቪኤልሲ ላይ ሁሉም እየተሰማ ኤዲቲንጉ ላይ ገና ስታስገባው ዝም የሚል ከሆነ፣ ፕሮግራሙ ዶልቢን መፍታት አይችልም ማለት ነው። ያኔ ኤፍኤፍኤምፔግ በሚባለው ፕሮግራም ምስሉን ሳትነካ ድምፁን ብቻ ወደ ፒሲኤም ቀይረው። ምስሉን ደግመህ ካልጨመቅከው ጥራቱ አይቀንስም።

በል አሁን አጫውተው። እማማ ተሰሙ፤ ግን ወዲያው አትደሰት፣ ጆሮ ማዳመጫውን አድርግና ይህቺን ቦታ ደግመህ ስማ። "ወልዳችሁ..." ይላሉ፣ ከዚያ ድምፁ ቅንጥስ ይላል፣ "...ሙ" ብቻ ይሰማል። "ሳ" የለችም።

ይህ ሌላ ችግር ነው። የካሜራህ ቀረጻ ኤቪሲኤችዲ ይባላል፤ ሶኒና ፓናሶኒክ በ2006 እ.ኤ.አ. ያወጡት ነው። ብዙ ካርዶች ፎርማት የሚደረጉበት ፋት32 ደግሞ አንድ ፋይል ከ4 ጊጋባይት እንዲበልጥ አይፈቅድም። በከፍተኛው ጥራት፣ በሰከንድ 24 ሜጋቢት ስትቀዳ፣ ያ ግማሽ ሰዓት እንኳ አይሞላም። ካሜራው ሲሞላበት ፋይሉን ይዘጋና ሳያቋርጥ ሌላ ይከፍታል። እማማ ምርቃት ላይ ይሁኑ አይሁኑ አያውቅም። የዶልቢ ድምፅ በ32 ሚሊሰከንድ እየተከፋፈለ ነው የሚቀመጠው፤ ፋይሉ የተቆረጠው በአንዱ ቁራጭ መሀል ከሆነ፣ ግማሹ እዚህ፣ ግማሹ እዚያ ይቀራል። ሁለቱን ፋይሎች ለየብቻ ስታስገባ ፕሮግራሙ ጎዶሎውን ቁራጭ ይጥለዋል፤ መጋጠሚያው ላይ ቀዳዳ ይፈጠራል።

ለዚህ ነው ፎልደሩን በሙሉ ኮፒ አድርግ ያልኩህ። ከካሜራው ጋር የመጣውን ፕሮግራም፣ ወይም የካርዱን አቀማመጥ የሚያነብ ኤዲቲንግ ክፈትና ፎልደሩን እንዳለ ስጠው፤ ሁለቱ ፋይሎች አንድ ቀረጻ መሆናቸውን አውቆ ይቀጥላቸዋል። እሱ ከሌለህ፣ ከአንድ ቀረጻ የተከፈሉትን የካሜራህን የኤምቲኤስ ቪዲዮ ፋይሎች በቁጥራቸው ቅደም ተከተል፣ በዊንዶውስ የኮፒ ትእዛዝ በባይነሪ አንዱን ከአንዱ ጫፍ ለጫፍ ግጠማቸው። ለኤምፒ4 ግን ይህ አይሠራም። እንዲህ አንድ ካደረግካቸው በኋላ ነው ወደ ኤዲቲንግ የምትወስዳቸው።

ሞክረው፤ አልቸኩልም፣ እጠብቅሃለሁ። ... አሁን ስማው። "ወልዳችሁ ሳሙ።" ሙሉ ነው፤ ከኋላው የሕዝቡ "አሜን" ሳይቀር አለ።

ከእንግዲህ ሥራ ጨረስኩ የምትለው ምስሉን አይተህ አይደለም፤ እያንዳንዱን መጋጠሚያ፣ ከፊቱ አምስት ሰከንድ፣ ከኋላው አምስት ሰከንድ፣ በሁለቱም ጆሮህ ሰምተህ ነው። ሂድና እማማን ጥራቸው፣ ራሳቸው ይስሙት። ካርዱ ግን እንደተቆለፈ መሳቢያው ውስጥ ይቆይ፤ ሙሽሮቹ ከዳር እስከ ዳር አይተው፣ ሰምተው እስኪደውሉልህ ድረስ እንዳትነካው።