ኩላሊት ለተተከለለት ወጣት፦ ስለ ቆዳህ

ልጄ፣ እኔም በወንድሜ ኩላሊት የምኖር ነኝ። ስለ ጨውና ስለ መድኃኒት ሰዓት መካሪ አታጣም፤ ስለ ቆዳህ ግን የሚያነሳብህ ስለሌለ እኔ ልንገርህ።

1. ታክሮሊመሱንና ማይኮፌኖሌቱን የምትውጠው ሰውነትህ ኩላሊቱን እንደ ባዕድ ቆጥሮ እንዳያጠቃው ነው። የሰውነትህ ዘብ በመድኃኒቱ ሲደክም ግን የተበላሹ ሴሎችን ለቅሞ የሚያጠፋውም ያው ዘብ ነውና፣ ለካንሰር በር ይከፈታል። በአገራችን ንቅለ ተከላው በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው፤ በተተከለ ኩላሊት ረጅም ዓመት የኖረ ሰው ገና ብዙ አይደለም። የቆዳ ካንሰር ደግሞ ዕድሉ ከዓመት ዓመት ይጨምራል። ወሬውን ያልሰማኸው ለዚህ ይመስለኛል።

2. «ጥቁር ቆዳ ካንሰር አይነካውም» የሚልህን አትስማ። ነጮቹን የሚይዛቸው በብዛት ፀሐይ በሚያገኘው ፊትና እጅ ላይ ነው። በኛ ቆዳ ላይ ግን ብዙ ጊዜ ልብስ በሸፈነው ቦታ፣ በብልትና በፊንጢጣ ዙሪያ ይወጣል፤ አንዳንዴም መነሻው ኪንታሮት የሚያወጣው ቫይረስ ነው። ካፖሲ ሳርኮማ የሚባለውም አለ። ሰው ከኤች አይ ቪ ጋር ብቻ ያያይዘዋል እንጂ መነሻው ሌላ ቫይረስ ነው፤ ኩላሊት የተተከለለትንም ይይዛል። እሱ ደግሞ ብዙ ዓመት አይጠብቅም፤ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ዓመታት ውስጥ ሊመጣ ይችላል።

3. በየወሩ አንድ ቀን ገላህን ስትታጠብ ብርሃን ያለበት ቦታ ተቀምጠህ ውስጥ እግርህን፣ የጣቶችህን መሃልና አፍህን እይ። ለተደበቀው ቦታ መስታወት ወለል ላይ አስቀምጥ፤ ማንም አያይህም። የምትፈልገው ወይን ጠጅ ወይም ጠቆር ያለ ነጠብጣብ፣ ሳይድን የሰነበተ ቁስል፣ እያደገ የሚሄድ ኪንታሮት፣ ጥፍር ሥር አዲስ የወጣ ወይም የሰፋ ጥቁር መስመር ነው።

4. ማድያት ያጠፋል እየተባለ የሚሸጠውን ቅባት እንዳትነካ። ብዙው ውስጡ ስቴሮይድ አለበት፤ ቆዳ ያሳሳል፣ በሽታም ይሸፍናል።

5. ፀሐይዋንም አትናቃት፤ አዲስ አበባ ከፍታዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ነውና የፀሐይ ጨረር ይበረታባታል። ኮፍያ አድርግ። አዛታዮፕሪን የምትወስድ ከሆነ ይበልጥ ተጠንቀቅ፤ ቆዳን ለፀሐይ ያጋልጣል።

6. የሚያሳስብ ነገር ካየህ ደንግጠህ መድኃኒቱን በራስህ እንዳታቆም፤ ኩላሊቱን ታጣለህ። መጠኑን የሚቀንሰው ወይም በሳይሮሊመስ የሚቀይርልህ ሐኪሙ ነው፤ ካፖሲም በዚሁ ብቻ የሚጠፋበት ጊዜ ብዙ ነው። ናሙና ይወሰድ ካሉህ እሺ በል። ሐኪሙ ወረፋ በዝቶበት የደም ውጤትህን ብቻ አይቶ ሊሸኝህ ይችላል፤ አንተ ግን ሳትጠየቅ ካልሲህን አውልቅና «ይቺን እዩልኝ» በለው።