«ወለደች» የሚለው ቃል በጽርዕ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፣ በፍልሰታ ሱባኤ ውዳሴ ማርያም ሲተረጎም «ወላዲተ አምላክ» የሚለውን ስም ስንት ጊዜ እንሰማዋለን? ከመልመዳችን የተነሣ ዝም ብሎ ያልፈናል። በጽርዕ (በግሪክ) ስሙ «ቴዎቶኮስ» ነው። «ቴዎስ» አምላክ ማለት ነው፤ «ቶኮስ» ደግሞ «ቲክቶ» ከሚለው ግስ ይወጣል።

እኛ ለአባትም ለእናትም «ወለደ»፣ «ወለደች» እንላለን። ጽርዕ ግን ሁለት ግስ አለው። «ጌናኦ» ለሁለቱም ይሆናል፤ ማቴዎስ በምዕራፍ 1 አብርሃም ይስሐቅን ወለደ ብሎ የሚቆጥረው በዚህ ነው። «ቲክቶ» ግን በሐዲስ ኪዳን ስለ ሰው መወለድ ሲነገር የእናት ብቻ ነው፤ ተገላገለች እንደምንለው። ሉቃስ 2፥7 ላይ ስለ እመቤታችን የተጻፈው ይኸው ነው። ምጥ ራሱን የቻለ ሌላ ግስ ስላለው፣ ያለ ምጥ ወለደችው ብለን ስናምን ቃሉ አይቃወመንም።

(«ቶኮስ» የገንዘብ ወለድም ማለት ነው፤ ማቴዎስ 25፥27ን ተመልከቱ። እኛም «ወለድ» ማለታችን አይገርምም?)

ንስጥሮስ ያልወደደው ይህን ስም ነው። «ክርስቶስን የወለደች» ቢባል ይሻላል አለ። ነገሩ የቃል ክርክር ብቻ ይመስላል፤ አይደለም። ከእርሷ የተወለደው አምላክ ካልሆነ በመስቀል ላይ የሞተልን ማን ነው? ቅዱስ ቄርሎስ ለግብፅ መነኮሳት ሲጽፍ ኤልሳቤጥን ምሳሌ አደረገ። ነፍስ ከእግዚአብሔር ናት፤ ሆኖም ኤልሳቤጥን የዮሐንስ የሥጋው እናት ብቻ ናት የሚል የለም። እናት የምትወልደው ሙሉውን ልጇን ነው። እመቤታችንም የመለኮት መጀመሪያ አይደለችም፤ ሥጋ የሆነውን ቃል ወለደችው። በ431 (እ.ኤ.አ.) የኤፌሶን ጉባኤ ይህን አጸና።

አሁን ደግሞ በዚህ ሱባኤ ልጅ ስጪኝ ብላችሁ በእንባ ለምትማጸኑ እናቶች አንድ ነገር ልበል። ጳውሎስ በገላትያ 4፥27 ከኢሳይያስ ጠቅሶ ደስ ይበልሽ የሚላት ሴት፣ በጽርዑ በዚሁ «ቲክቶ» «የማትወልድ» ተብላ የተጠራችው ናት። ሰው መካን ብሎ የሚያሸማቅቃትን፣ መጽሐፍ በዚያው ስሟ ጠርቶ ዘምሪ ይላታል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።